አቶ ጆንሰንን ፍለጋ፤ ከሚሲሲፒ የጥጥ አገር እስከ ዳላስ

ዘፈን እንደ ወንዝ ነው፤ ከምንጩ እየራቀ በሄደ መጠን የሚጠጣው ሰው ይበዛል፣ ምንጩን የሚያውቀው ግን ያንሳል። ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማወጋው አንድ ሰው ሲጠጣበት የኖረውን ምንጭ በስሙ ጠርቶ ስላመሰገነበት የዘፈን አልበምና፣ ምንጩም ስለሚገኝበት አገር ነው።

በ2004 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ) ኤሪክ ክላፕተን የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ጊታር ተጫዋች አንድ አልበም አወጣ። በአልበሙ ውስጥ 14 ዘፈኖች ይገኛሉ፤ ከነዚህም ውስጥ ክላፕተን የደረሰው አንድም የለም። ሁሉም በ1938 በ27 ዓመቱ የሞተው የሮበርት ጆንሰን ዘፈኖች ናቸው። ሮበርት ጆንሰን የሚሲሲፒ ተወላጅ የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ አልበሙም «እኔና ሚስተር ጆንሰን» ተብሎ ተሰይሟል። ሽፋኑን የሠራው ፒተር ብሌክ የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ክላፕተን ጊታሩን ይዞ ተቀምጦ፣ የጆንሰንም ምስል አብሮት ይታያል።

ከዚህ ስም ውስጥ «ሚስተር» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ለእኛ ጆሮ ተራ የአክብሮት ቃል ትመስላለች፤ በየደብዳቤው ራስጌ የምትጻፍ ናትና። ነገር ግን ጆንሰን በተወለደበት አገርና ዘመን ይህች ቃል ለጥቁር ሰው የተከለከለች ነበረች። ክብደቷን ለመመዘን አገሩን ማየት ያሻልና እንግዲህ መንገድ እንጀምር።

መነሻችን የሜምፊስ ከተማ ነው። ከሜምፊስ ወደ ደቡብ 61 ቁጥር የተባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ስትወርዱ፣ ጥቂት እንደ ተጓዛችሁ ኮረብታው ሁሉ ይጠፋና ምድሩ እንደ ገበታ ዝርግ ይሆናል። ይህ አገር ዴልታ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን ስፍራ የምታዩ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ባሕሩ ግን ገና ሩቅ ነው። በዚያ አገር ሰው አነጋገር ዴልታ ማለት በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል፣ ከሜምፊስ አቅራቢያ ተነሥቶ እስከ ቪክስበርግ ከተማ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ሜዳ ነው። ወንዙ በየዘመኑ እየሞላ ያፈሰሰው ደለል አፈሩን ጥቁርና ለም አድርጎታል። በ1927 የደረሰው ታላቅ ጎርፍ ዛሬም በዘፈንና በወሬ ይነሣል።

ይህ አፈር የጥጥ አፈር ነው። ጥጡን የሚዘሩትና የሚለቅሙት ጥቁሮች ነበሩ፤ በፊት በባርነት፣ ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላ ደግሞ በእኩል አራሽነት። እኩል አራሽነት ምን እንደ ሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ባለ መሬቱ መሬቱን፣ ዘሩንና በቅሎውን ያቀርባል፤ አራሹ ደግሞ ጉልበቱን ከነሚስቱና ከነልጆቹ ያቀርባል። ምግቡንና ልብሱን ግን ከባለ መሬቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። መከሩ ተሰብስቦ ሲያበቃ ሒሳቡን የሚያሰላው ባለ መሬቱ ስለ ነበረ፣ አራሹ ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ ይዞ የሚመለሰው ገንዘብ ሳይሆን ዕዳ ነበር።

በክሊቭላንድና በሩልቪል ከተሞች መካከል ስታልፉ የዶከሪን እርሻ ታገኛላችሁ። በ1895 የተቋቋመ ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበር። ሕንጻዎቹ ዛሬ እንደ ቅርስ የሚጎበኙት ግን በጥጡ ምክንያት አይደለም። ከብሉዝ አባቶች አንዱ የሆነው ቻርሊ ፓተን በዚህ ስለ ኖረና ሌሎችም ከእሱ እየቀሰሙ ስላደጉበት ነው። የብሉዝ አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ስንኝ ይባላል፣ ያው ስንኝ ይደገማል፣ ሦስተኛው መልስ ሆኖ ይመጣል። በስንኞቹ መካከል ድምፃዊው ዝም ሲል ጊታሩ ይናገራል። አዝማሪ ተንፈስ ሲል ማሲንቆው የሚቀበለው ማለት ነው። ትዝታን የለመደ ጆሮ ለብሉዝ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

ሮበርት ጆንሰን ከዴልታ በስተ ደቡብ ባለችው በሄዝልኸርስት ከተማ በ1911 እንደ ተወለደ ይታመናል። ያደገው ግን በሜምፊስና በሰሜን ዴልታ በምትገኘው በሮቢንሰንቪል አካባቢ ነው። እርሻ አይወድም ነበር፤ የሚወደው ጊታር ነበር። ሰን ሃውስ የተባለው ታላቅ ዘፋኝ በኋላ ዘመን እንዳወጋው፣ ሽማግሌዎቹ ተጫውተው ዕረፍት ሲወጡ ልጁ ጊታራቸውን አንሥቶ ይነካካል፤ ሰውም በጩኸቱ ይሰለችና አስቁሙልን ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ልጁ ጠፋ። ቆይቶ ሲመለስ ያው ሰን ሃውስ የሰማውን ማመን አቃተው፤ የትናንቱ አስቸጋሪ ልጅ ሁሉንም በልጦ ተገኘ።

ይህ እንዴት ሆነ? እዚህ ላይ ነው ወሬው የሚጀምረው። ጆንሰን በእኩለ ሌሊት ወደ መስቀለኛ መንገድ ሄዶ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ፣ ሰይጣኑም ጊታሩን ቃኝቶ ሰጠው ይባላል። ከሜምፊስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በክላርክስዴል ከተማ 61 ቁጥርና 49 ቁጥር ጎዳናዎች የሚገናኙበትን ስፍራ ያሳዩአችኋል። በዚያ ትልልቅ ሰማያዊ ጊታሮች ተሰቅለውበት አንድ ምሰሶ ቆሟል፤ ጎብኚውም ከሥሩ እየቆመ ፎቶግራፍ ይነሣል። ነገር ግን ይህ ታሪክ በመጀመሪያ የተነገረው ስለ ሌላ ዘፋኝ፣ ከእሱ ጋር ዝምድና ስላልነበረው ስለ ቶሚ ጆንሰን ነው።

እውነተኛው ነገር ከወሬው ይልቅ የሚደንቅ ይመስለኛል። ጆንሰን ጠፋ በተባለበት ጊዜ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ አይክ ዚመርማን ከተባለ ጊታር ተጫዋች ዘንድ ይማር ነበር። መምህሩና ተማሪው ሌሊት ሌሊት በቦረጋርድ መንደር መቃብር ስፍራ እየተቀመጡ ይለማመዱ ነበር፤ በዚያ ማንንም አያውኩምና። እንግዲህ የሰይጣኑ ሥራ የተባለው የአንድ ድኻ መምህር ትዕግሥትና የአንድ ወጣት እንቅልፍ ማጣት ነበር። ሰው በላቡ ያገኘውን ሙያ ለሰይጣን መስጠት፣ ባለሙያውን ከክብሩ ማጉደል መሆኑን አንርሳ። ክላፕተን ስለ መስቀለኛው መንገድ የተዘፈነውን ዘፈን በ1968 ክሪም ከተባለው ቡድኑ ጋር ተጫውቶ በዓለም አሳውቆታል፤ በ2004ቱ አልበም ውስጥ ግን ያን ዘፈን አታገኙትም።

ክላርክስዴል ሳላችሁ በቀድሞው የባቡር ዕቃ ማራገፊያ ውስጥ የሚገኘውን የዴልታ ብሉዝ ሙዚየም ሳታዩ አትለፉ። ማዲ ዋተርስ የተባለው ዘፋኝ የኖረበት የእንጨት ጎጆ ተነቅሎ መጥቶ በዚያ ይታያል። ማዲ ዋተርስ በ1943 ወደ ቺካጎ በባቡር ሄደ። በዓመቱ፣ በ1944፣ ከከተማው አጠገብ ባለው በሆፕሰን እርሻ የጥጥ መልቀሚያ መኪና ለሕዝብ ታየ። አንዱ መኪና የብዙ ሰዎችን ሥራ ስለ ተካ፣ ጥቁሩ ሕዝብ ወደ ሰሜን ከተሞች መጉረፉን ቀጠለ። ዛሬ በዴልታ ሜዳ ለረጅም ሰዓት ስትነዱ አንድም ሰው በእርሻው ላይ ላታዩ የምትችሉት ስለዚህ ነው። ሕዝቡ ሄዷል፤ ዘፈኑም አብሮ ሄዷል።

አሁን ወደ ግሪንውድ እንሻገር። ጆንሰን ነሐሴ ወር 1938 የሞተው በዚህች ከተማ አቅራቢያ ነው። ሰዎች በቅናት ምክንያት በውስኪ ውስጥ መርዝ ተደርጎበት ሞተ ይላሉ። አንድ ተመራማሪ በ1968 ያገኘው የሞት ማስረጃ ወረቀት ግን የሞቱ ምክንያት በሚጻፍበት መስመር ላይ «ሐኪም የለም» ከሚል በቀር የሚለው ነገር የለውም። የት እንደ ተቀበረም ሲያከራክር ስለ ኖረ በአካባቢው ሦስት የመታሰቢያ ድንጋዮች ቆመውለታል። አንዱ በሞርጋን ሲቲ፣ ሁለተኛው በኪቶ፣ ሦስተኛው ከግሪንውድ በስተ ሰሜን በሊትል ዛየን ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ከሦስቱ ይበልጥ የሚታመነው የመጨረሻው ነው። ጎብኚዎች በድንጋዩ ላይ ሳንቲም፣ የጊታር ክርና ባዶ የመጠጥ ጠርሙስ ትተው ይሄዳሉ።

በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ብትቀጥሉ መኒ ወደምትባለው መንደር ትደርሳላችሁ። በነሐሴ 1955 ከቺካጎ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የመጣ ኤመት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ፣ በዚህች መንደር ሱቅ ውስጥ ነጭ ሴት ደፈረ፣ አክብሮት አጎደለ ተብሎ በሌሊት ከአልጋው ተወስዶ ተገደለ። የተከሰሱትን ሁለት ነጮች አባላቱ ሁሉ ነጮች የነበሩት የዳኞች ሸንጎ በነጻ ለቀቃቸው፤ በኋላም ራሳቸው መግደላቸውን ለመጽሔት ተናገሩ። የሱቁ ፍርስራሽ ከዘፋኙ መቃብር ብዙ አይርቅም።

ያዙልኝ ያልኋችሁ ቃል አሁን ትርጉሟን ታገኛለች። በዚያ አገር ልማድ ጥቁር ሰው ነጩን «ሚስተር» ማለት ግዴታው ነበር። ነጩ ግን ጥቁሩን በስሙ ብቻ ወይም «አንተ ልጅ» ብሎ ይጠራዋል፤ ጥቁሩ ሲሸብት ደግሞ «አጎቴ» ይለዋል፤ «ሚስተር» ግን አይለውም። እኛ በ«አንተ»ና በ«እርስዎ» መካከል ያለውን ርቀት ከእናታችን ጉያ የተማርን ሰዎች ነንና፣ ይህ ነገር ስንት እንደሚመዝን አንስተውም። በ1963 በአላባማ ክፍለ ግዛት ሜሪ ሃሚልተን የተባለች ጥቁር የመብት ታጋይ በፍርድ ቤት ስትጠየቅ፣ ዓቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ቢጠራት «ወይዘሪት ሃሚልተን» ካልተባልሁ አልመልስም አለች። ስለዚህም 50 ዶላርና የ5 ቀን እስራት ተፈረደባት። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። አንዲት የማዕረግ ቃል በአገሩ የመጨረሻ ዳኞች ፊት እስከ መቅረብ ደረሰች ማለት ነው።

እንግዲህ ጆንሰን በሕይወቱ ሳለ በሕግ ፊትም በገበያም ሮበርት ብቻ ነበር። ድምፁ እንዴት ሊቀር እንደቻለ ለማየት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቴክሳስ መሻገር አለብን። በሚሲሲፒ ዋና ከተማ በጃክሰን የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ስፒር የተባለ ነጭ ነጋዴ፣ ጆንሰን ችሎታ እንዳለው አይቶ ለሸክላ ኩባንያ ሰው አመለከተው። በኅዳር 1936 ወደ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ተወስዶ በጉንተር ሆቴል ውስጥ በሦስት ቀን 16 ዘፈን አስቀረጸ። በዚያው ሰሞን የሜክሲኮ ሙዚቀኞችም በዚያ ነበሩና፣ ጆንሰን በፊታቸው ሲጫወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደ ተቀመጠ ቀረጻውን የመራው ዶን ሎው ተርኳል። አንዳንዱ ዓይን አፋር ስለ ነበረ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ድምፁ ከማዕዘኑ ላይ ነጥሮ እንዲጎላለት ነው ይላል።

ለሁለተኛ ጊዜ በሰኔ 1937 በዳላስ ከተማ፣ በፓርክ ጎዳና 508 ቁጥር በሆነው ሕንጻ ውስጥ በሁለት ቀን 13 ዘፈን አስቀረጸ። በጠቅላላው 29 ዘፈን ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ዘፈን በዚያች ልክ ተቆርጦ የተሠራ ነው። የዚህ ሰው ውርስ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ማዳመጫ እንኳ አይበቃም።

በታኅሣሥ 1938 ጆን ሃመንድ የተባለው የሙዚቃ ሰው በኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ለጥቁሮች ሙዚቃ ክብር ታላቅ ትርኢት ሲያዘጋጅ ጆንሰንን አስፈለገው፤ ሰውየው ግን ከጥቂት ወራት በፊት ሞቷል። ስለዚህ ሸክላውን በመድረኩ ላይ አስደመጠ። ከዚያ በ1961 ኮሎምቢያ ኩባንያ ዘፈኖቹን በአንድ ትልቅ ሸክላ ሰብስቦ አወጣቸው። ያ ሸክላ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ደረሰ፤ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ በሪፕሊ መንደር ያደገው ወጣቱ ክላፕተንም ሰማው። በመጀመሪያ እጅግ ሻካራ ሆኖበት እንደ ነበረና ቆይቶ ግን እንዳልለቀቀው ራሱ ተናግሯል። በ1966 ከጆን ሜየል ቡድን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ዘፍኖ ባስቀረጸ ጊዜ የመረጠው የጆንሰንን ዘፈን ነበር።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ የወጣው አልበም አመጣጡ እንዲህ ነው። ክላፕተን የራሱን አዲስ ዘፈኖች ለመቅረጽ ስቱዲዮ ገብቶ የያዘው ዘፈን አልበቃ አለው። በመሐል ጊዜ ሲተርፍ ከጓደኞቹ ጋር የጆንሰንን ዘፈኖች እየተጫወቱ ይዝናኑ ጀመር፤ ለዕረፍት የተጀመረውም ነገር ራሱን የቻለ አልበም ሆኖ ቀደመ። ሲጫወቱ ብትሰሙ ቢሊ ፕሬስተን ኦርጋንና ፒያኖ፣ ስቲቭ ጋድ ከበሮ፣ ጄሪ ፖርትኖይ የአፍ ሃርሞኒካ ይዘዋል፤ ሌሎችም ጊታር ተጫዋቾች አሉ። ጆንሰን ግን ብቻውን ነበር። በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እየመታ ምት ይጠብቃል፣ በሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ያወጣል፣ በላዩም ይዘፍናል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው አንዱ ድኻ ልጅ የሠራውን ለመሥራት አንድ ሙሉ ቡድን እንዳስፈለገ ይታዘባል።

ክላፕተን ይህን ራሱ ሳያውቀው የቀረ አይመስልም። በዚያው በ2004 ወደ ዳላስ ሄዶ፣ ያን ጊዜ ባዶውን ወደ ቀረው ወደ 508 ቁጥር ሕንጻ ገባ። ያለ ቡድን፣ ዶይል ብራምሆል ከተባለው ጊታር ተጫዋች ጋር ብቻ ተቀምጦ፣ ጆንሰን ባስቀረጸበት ቤት የጆንሰንን ዘፈኖች ሲጫወት በፊልም ተነሣ። ሕንጻው ኋላ ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ በአካባቢው ያለች ቤተ ክርስቲያን ገዝታ አተረፈችው። በዳላስና በአካባቢዋ ብዙ የአገራችን ሰዎች ስለሚኖሩ፣ ከአንባቢዎቼ መካከል በዚያ ጎዳና ሳታውቁት ያለፋችሁ ትኖሩ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩት።

የሌላ ሰው ዘፈን መጫወት ነውር አይደለም። ጆንሰን ራሱ ከስኪፕ ጄምስ፣ ከሊሮይ ካርና ከኮኮሞ አርኖልድ ሸክላዎች ብዙ ወስዷል፤ የወሰደውንም በራሱ እሳት አቅልጦ ሌላ አድርጎታል። ብሉዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ንብረት ነው። ችግሩ የሚመጣው ገንዘብ ሲገባበትና ስሙ ሲቀር ነው። ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1969 የጆንሰንን አንድ ዘፈን ሲያወጣ፣ ደራሲው ተብሎ የተጻፈው የጆንሰን ስም አልነበረም። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዘፈኖቹ ባለቤት እንዳላቸው አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የወሰነው በ2000 ነው። በ1998 ደግሞ የሚሲሲፒ ፍርድ ቤት፣ ዕድሜውን ጠጠር በማመላለስ መኪና ሲነዳ ለኖረ አንድ ሰው የጆንሰን ልጅና ወራሽ መሆኑን አረጋገጠለት። በ1990 ተሰብስበው የወጡት ሸክላዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽጠው ነበር፤ ልጁ ግን የአባቱን ድርሻ ያገኘው እሱ ራሱ ከሽበቱ በኋላ ነው።

ለክላፕተንም ቢሆን ሒሳቡ ንጹሕ አይደለም። ከጥቁሮች ዜማ እንጀራውን የበላው ይኸው ሰው በነሐሴ 1976 በበርሚንግሃም ከተማ መድረክ ላይ ሰክሮ በስደተኞችና በጥቁሮች ላይ ክፉ ቃል ተናገረ። በዚህም የተቆጡ ሰዎች ዘረኝነትን የሚቃወም ማኅበር አቋቋሙ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2018፣ ባደረገው እንዳፈረ ተናገረ። ስለዚህ በአልበሙ ሽፋን ላይ «ሚስተር» የምትለው ቃል መጻፏ ለእሱ ከሁሉ ይልቅ የምታስፈልገው ቃል ነበረች እላለሁ። ዕዳውን ሁሉ አትከፍልም፤ ዕዳ እንዳለበት ግን ታምናለች። አንድ ልጅ የተገደለባት፣ አንዲት ሴት የታሰረችባት አክብሮት፣ ከሞተ 66 ዓመት ለሆነው ለጥጥ አገር ዘፋኝ ተሰጠች።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አልበሙን ለማድመጥ የወደደ ሰው ቢኖር አንድ ምክር ልስጠው። ከጆንሰን ይጀምር። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ የሸክላው ጭረት የሚሰማበት ነውና አይሰልች፤ ሦስት አራት ጊዜ ይስማው። ከዚያ የክላፕተንን ይስማ። የክላፕተኑ የጠራና የተመቸ ነው፣ ደስም ይላል። በመጨረሻ ግን ተመልሶ ወደ ጆንሰን መሄዱ አይቀርም። አልበሙ ይህን ካደረገ ሥራውን ሠርቷል። ወደ ሚሲሲፒ የመሄድ ዕድል ያገኘ ደግሞ ከመስቀለኛው መንገድ ፎቶግራፍ ይልቅ በግሪንውድ መንገድ ላይ ባለው የቤተ ክርስቲያን መቃብር ጥቂት ጊዜ ይቁም፤ ለአቶ ሮበርት ጆንሰንም ባርኔጣውን ያንሣላቸው።